ማሩ ካልወጣ ቂጣው አይጋገርም

እኔ "እናንተዬ" ስል እናንተ "አለን" በሉ። ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ ግን በጣም አትጠጉኝ፣ ቦርሳዬ ከጎኔ ነው። ሰው አላምንም፤ ይህን አስቀድሜ የምላችሁ እንዳትቀየሙኝ ነው።

እናንተዬ። ቦሌ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ሁለት ፊት ያለው ቤት አለ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ነገ ሄዳችሁ "እከሊት እንዲህ አለችባችሁ" ብትሉስ? ይህ ቤት ጠዋት ቁርስ ቤት ነው። ቅዳሜና እሁድማ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው፣ ከስፖርት የሚመለሰው፣ አርፍዶ ከእንቅልፉ የተነሳው ሁሉ ቁርስና ምሳውን ባንድ ላይ ሊበላ ይጎርፋል። ፍርፍሩ፣ እንቁላሉ፣ ፓንኬኩ፣ ጨጨብሳው በትሪ በትሪ ይዞራል። ልጆች በጠረጴዛ ሥር ይሽሎከሎካሉ። የጁስ መፍጫው ሲጮህ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር እንኳ አይደማመጥም። ማታ ደግሞ ያው ቤት መጠጥ ቤት ነው። መብራቱ ይደበዝዛል፣ የልጆቹ ወንበር ይገባል፣ ረጃጅሞቹ ወንበሮች ይወጣሉ፣ ስማቸውን ለመጥራት የሚያስቸግሩ ባለ ቀለም ኮክቴሎች ይቀዳሉ።

በቀኑና በማታው መካከል አንዲት ሰዓት አለች፤ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት። በዚያች ሰዓት የቀን ሠራተኞች የቀኑን ሁሉ ይቆልፋሉ፣ የማታ ሠራተኞች የማታውን ሁሉ ይከፍታሉ፣ ቤቱም የማንም አይደለም። የቀኖቹ የማታዎቹን ሌባ ብለው አያውቁም፤ ብቻ የስኳር ዕቃቸው ላይ የት ድረስ እንደነበረ በእርሳስ ምልክት አድርገው ይሄዳሉ። የማታዎቹም የቀኖቹን ሰድበው አያውቁም፤ ብቻ ሎሚያቸውን ከመቆለፋቸው በፊት አንድ በአንድ ይቆጥሩታል። ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ጀርባ ሲዞር ቁልፍ ይፈትሻሉ።

በዚያች የማንም ባልሆነች ሰዓት ሚኪያስና ሚስቱ ራኬብ መጡ።

ራኬብ ነፍሰ ጡር ናት። ይህን የምናውቀው እናንተና እኔ ብቻ ነን። በዚያ ቤት ማንም አያውቅም፤ ጎረቤት አያውቅም፣ እናቷ እንኳ አታውቅም። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አርግዛ ነበር። ያኔ ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው ገና እንደታወቀ ለዘመድም፣ ለጎረቤትም፣ ለመሥሪያ ቤትም ተናገሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ፅንሱ ወረደ። ሚኪያስ የሰው ዓይን ነው የበላብን ብሎ አመነ። ያሁኑን ግን እስኪወለድ ድረስ ትንፍሽ ላይሉ ተማማሉ። ራኬብም ሰፊ ሹራብ ገዝታ ለበሰች፣ ማንም ሲጠይቃት ጨጓራዬን ነው ትላለች።

አሁን ደግሞ ምግብ አልረጋላት አለ። የቀመሰችው ሁሉ ይመለሳል፤ ውሃም ቢሆን። የቅቤ ሽታ ከደጃፍ ይመልሳታል። በዚያን ዕለት ሐኪሟ እስከ ማታ አንድ ነገር ሆዷ ውስጥ ካልረጋ ነገ ጠዋት ተኝታ በደም ሥሯ እንደምትመገብ፣ ለፅንሱም እንደሚሰጋ ነገራቸው። መንገድ ላይ ራኬብ በመኪናው መስኮት ያንን ቤት አየችውና፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "አማረኝ" አለች። ያማራት ጨጨብሳ ነው። በዘይት የታሸ፣ ቅቤ ያልነካው፣ ማር የፈሰሰበት ጨጨብሳ።

መኪናው የእሱ አይደለም፤ ከወንድሟ የተዋሰው ነጭ ቪትዝ ነው። ውስጡ ለመንገድ ብለው ያስገቡት ትራስ፣ ብርድ ልብስና ሳፋ አለ። የቀኑ ዘበኛ ወደ ቤቱ ሊሄድ ኮቱን እየለበሰ ሳለ ከኋላ ባለው አጥር ሥር ቦታ አሳየው፤ ሚኪያስም እዚያ አቁሞ ሚስቱን ደግፎ አስገባት።

አስተናጋጇን ጠርቶ ጨጨብሳ በማር አዘዘ። የቁርስ ሰዓት አልፏል አለችው። ቶሎ ነው የምፈልገው፣ ቅቤ እንዳይነካው፣ ለምን እንደሆነም አትጠይቂኝ አላት። እስቲ ፍረዱኝ፤ በዚህ ከተማ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ የሚል ሰው ማን ነው? ወይ ተቆጣጣሪ ነው፣ ወይ የሌላ ቤት ሰላይ ነው። አንዲት ቃል ተናግሮ ቢሆን ተረቴ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር፤ ነፍሰ ጡር ያማራትን የሚከለክል አበሻ የት አለ? እሱ ግን ዝም አለ። አስተናጋጇም በጎን እያየችው ወደ ወጥ ቤቱ ጠቆመችው፤ እኔ አልወስንም፣ እትዬ አስካለን ጠይቃቸው ብላ።

እትዬ አስካለ የቀኑ ወጥ ቤት ናቸው። ሽርጣቸውን ፈትተው ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ሚኪያስ ለመናቸው። እሳቸው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ግንባሩ ላይ ላብ እያለ፣ ያውም ቅቤ እንዳይነካው ብሎ ጨጨብሳ የሚያዝ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? የማታዎቹ ሊፈትኗቸው የላኩት መሰላቸው። ከምሳ በኋላ የማሩ ዕቃ ከቀኖቹ ቁም ሳጥን ወጥቶ ወደ ማታዎቹ ቁም ሳጥን ይሻገራል፤ የቤቱ ደንብ ነው። አንድ ጊዜ የማታዎቹ እርስዎ ይጀምሩ፣ ማሩን እናመጣለን ብለዋቸው ቂጣው ተጋግሮ፣ ተቆራርሶ፣ ደርቆ ቀርቷል። ስለዚህ ማሩን በዓይናቸው ሳያዩ ዱቄት እንደማይነኩ ነገሩት።

እንግዲህ ያዙልኝ። ማሩ ካልወጣ ቂጣው አይጋገርም፤ ቂጣው ካልተጋገረ ራኬብ አትቀምስም።

ሚኪያስ ወደ መጠጥ መቅጃው ሄደ። እዚያ ሱራፌል አለ፤ ማታ ማታ ኮክቴል የሚቀምመው እሱ ነው። ብርጭቆ እየወለወለ ወደ መብራቱ ያነሳል፣ ያያል፣ ደግሞ ይወለውላል፤ ብርጭቆውን ራሱ አያምነውም። የማሩ ቁም ሳጥን ከኋላው ነው፣ ቁልፉ ቀበቶው ላይ ነው። ማን እንደላከው ጠየቀው። ሚኪያስ እትዬ አስካለ አለ። ይህን ስም መጥራቱ ነው ያበላሸው። ሱራፌል እንደሚለው ባለፈው እትዬ አስካለ የተዋሱት ማር ሲመለስ ቀጥኖ ነው የተመለሰው፤ ስኳር በውሃ የገባበት ይመስላል፣ እሱ ማንንም አልወነጀለም፣ ብቻ ምላሱ ያውቃል። ደግሞም በረዶው ገና አልመጣም። በረዶ ከሌለ ቀዝቃዛው መጠጥ የለም፤ ቀዝቃዛው ከሌለ ለእንግዳው ሁሉ ትኩስ ሎሚ በማርና በአረቄ ሊያፈላ ነው፤ ያኔ ማሩ ጠብታ አይተርፍም። በረዶው ይምጣ፣ ማሩን እሰጥሃለሁ አለው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ተጠራጣሪ ነው።

በረዶው ካልወረደ ማሩ አይወጣም፤ ማሩ ካልወጣ ቂጣው አይጋገርም፤ ቂጣው ካልተጋገረ ራኬብ አትቀምስም።

ሚኪያስ በሚስቱ አጠገብ ሲያልፍ አያት። ጭንቅላቷን ክንዷ ላይ አድርጋለች። "ደረሰ?" አለችው። ሊደርስ ነው አላት። ይህ ውሸት ነው፤ አያችሁ ሰው እንዴት እንደሆነ? የሚወዳትን ሚስቱን እንኳ ይዋሻል።

የበረዶው መኪና ከፊት ለፊት መንገድ ዳር ቆሟል። ባለቤቱ ከድር ይባላል፤ መሪው ላይ ተደግፎ፣ መስኮቱን ለጣት ያህል ብቻ ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል። ከመኪናው ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሚኪያስ ለምን እንደማያወርድ ጠየቀው። ከድርም የዚህ ቤት ሰዎች እንዴት እንዳደረጉት ተረከለት። በፊት ለፊት በር በትከሻው ተሸክሞ ቢገባ ወለሉን አረጠብክ አሉት፤ ቀጥለው ደግሞ በረዶው ጎደለ አሉት። በረዶ ይቀልጣል እንጂ ይሰረቃል? ደግሞ ሰርቄ የት ልደብቀው፣ ኪሴ ውስጥ? ከዚያ ወዲህ በኋላ በር በኩል፣ ከነመኪናው ገብቶ፣ እያዩት ካልሆነ አንድ ፍንካች አያወርድም። የኋላው በር ደግሞ ተቆልፏል። "ሆን ብለው ነው የቆለፉት፣" አለ ከድር፣ "እስኪቀልጥ ጠብቀው ጎደለ ሊሉኝ።"

በሩ ካልተከፈተ በረዶው አይወርድም፤ በረዶው ካልወረደ ማሩ አይወጣም፤ ማሩ ካልወጣ ቂጣው አይጋገርም፤ ቂጣው ካልተጋገረ ራኬብ አትቀምስም።

ከመኪናው ሥር ጠብ፣ ጠብ። ሚኪያስ የምትወድቀውን ጠብታ ሁሉ እያየ፣ ሚስቴ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልጠጣችም ብሎ አሰበና ሮጠ።

የኋላው በር ቁልፍ ያለው ሶስና ጋ ነው። ሶስና ሥራ አስኪያጇ ናት፤ ቢሮዋ ከደረጃው በላይ ነው፣ ቁልፉን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ስትተኛም አታወልቀውም ይላሉ፤ ያየ ግን የለም። ሚኪያስ ገብቶ የኋላውን በር ክፈቺልኝ ሲላት መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወደ ታች አየች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ከዚያ እሱን አየችው። አንድ መኪና የኋላውን በር ዘግቶ ቆሟል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ የሚያውቅ የለም። ከመንገዱ ማዶ አዲስ መጠጥ ቤት ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ሶስና እንቅልፍ የላትም። የኮክቴሎቹን ቅመም ሊሰልሉ ሰው እንደሚልኩ እርግጠኛ ናት። ያ መኪና ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ከዚያ ፊት ሳይነሳ፣ በሯን እንደማትከፍት ነገረችው። አንተስ ማነህ ብላም ጨመረችለት።

መኪናው ካልተነሳ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ በረዶው አይወርድም፤ በረዶው ካልወረደ ማሩ አይወጣም፤ ማሩ ካልወጣ ቂጣው አይጋገርም፤ ቂጣው ካልተጋገረ ራኬብ አትቀምስም።

ሚኪያስ ደረጃውን ሲወርድ ያንን ባለመኪና ረገመው። ምን ዓይነት ይሉኝታ የሌለው ሰው ነው በሰው በር ላይ የሚያቆመው? ሰው የተቸገረ እንዳለ አያስብም? የዘመኑ ሰው እንዲህ ነው፣ ለራሱ እንጂ ለማንም አይጨነቅም። ይህን ሁሉ እያለ ዘበኛው ጋ ደረሰ። እናንተ ምን ያስቃችኋል? እሱ አላወቀም። በሩና አጥሩ አንድ ዓይነት ቆርቆሮ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ናቸው፤ ቀን ቀን በሩ ተከፍቶ ስለማያውቅ የቀኑ ዘበኛ እዚያ ያስቆማል፣ የማታው ዘበኛ ደግሞ እዚያ አያስቆምም። ይህን አንዱ ለሌላው ነግሮት አያውቅም።

ጋሽ ቦጋለ፣ የማታው ዘበኛ፣ ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ዕድሜያቸው የገፋ ቢሆንም ዓይናቸው አይሰንፍም። ሚኪያስ ስለ መኪናው ሲጠይቃቸው እጁን ይዘው ወደ ግድግዳው ጥግ ሳቡትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"በመስኮት አየሁት። ትራስ አለ። ብርድ ልብስ አለ። ሳፋ አለ። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ንጹሕ ሰው ትራስና ሳፋ ይዞ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል? ወይ ሰው ሊያግት ነው፣ ወይ ያገተውን ሊያሳድር ነው። ባለቤቱ ብቅ ይበል ብቻ። እየጠበቅሁት ነው።"

ሚኪያስ ወደ መሬት አየ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ኪሱን ዳበሰ። ቁልፉ እዚያው አለ።

"የኔ ነው" አላቸው።

ጋሽ ቦጋለ እጁን ለቀቁትና ዱላቸውን ጠበቅ አደረጉ። ሳፋው ለምን እንደሆነ ጠየቁት። ትራሱ ለማን እንደሆነ ጠየቁት። አልነገራቸውም። እንግዲያው ቁልፉን ስጠኝና እኔው አነሳዋለሁ አሉት። ይህንንም እምቢ አለ። መኪናው የሰው ነው፤ ዘበኛውን አያውቃቸውም፤ ራኬብ ድንገት ብትወድቅ መኪናው ካጠገቡ መራቅ የለበትም። ራሱ ሄዶ እንዳያነሳው ደግሞ መንገዱ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያስኬደው፤ ዞሮ እስኪመለስ እነዚህ ሰዎች ቤቱ ተዘግቷል ብለው ሚስቱን ደጅ ቢያወጡበትስ? ይህን ሁሉ በሆዱ አሰበ፤ በአፉ ያወጣው ግን ቁልፌን ለማንም አልሰጥም የሚለውን ብቻ ነው።

"እንዲያ ከሆነ መኪናውም አይነሳም፣ አንተም ከዚህ ግቢ አትወጣም" አሉት ጋሽ ቦጋለ።

ቁልፉ ካልተሰጠ መኪናው አይነሳም፤ መኪናው ካልተነሳ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ በረዶው አይወርድም፤ በረዶው ካልወረደ ማሩ አይወጣም፤ ማሩ ካልወጣ ቂጣው አይጋገርም፤ ቂጣው ካልተጋገረ ራኬብ አትቀምስም። ቁልፉ ያለው ደግሞ ራኬብን ሊያበላ ከላይ እስከ ታች ሲሮጥ በነበረው ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነው። እኔ ምን ልበላችሁ።

ጋሽ ቦጋለ ከዓይናቸው ሳይርቅ ወደ ሚስቱ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ እሳቸው መግቢያው ላይ ቆመው ይጠብቁታል። አስተናጋጇም በዚያች ጥግ ጠረጴዛ የምትጠርግ መስላ ጆሮዋን አቁማለች። አዳራሹ ግማሽ ቀን ግማሽ ማታ ሆኗል፤ ባንዱ በኩል ወንበር ተገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅሏል፣ በሌላው በኩል ቀዩ መብራት በርቷል። ራኬብ በመካከል ነች። ከንፈሯ ደርቋል።

ሚኪያስ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ ተናዶ ነው የነገራት። ወጥ ቤቷ ቀማሚውን አያምኑም አላት። ቀማሚው ወጥ ቤቷን አያምንም። ባለ በረዶው ቤቱን አያምንም። ሥራ አስኪያጇ ጎረቤቱን አታምንም። ዘበኛው መኪናውን አያምኑም። አንዱ አንዱን የማያምንበት ቤት ነው ያመጣሁሽ፣ ይቅር በይኝ አላት።

ራኬብ ቀና አለች። "መኪናው የማን ነው?" አለችው።

ወደ መግቢያው ዞሮ ጋሽ ቦጋለን አየ።

"ሚኪ፣ መኪናው የማን ነው?"

"የኛ ነው" አላት። ቁልፉን ያልሰጠበትን ምክንያትም ነገራት።

ራኬብ ሳቀች። ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበራትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የተነቃነቀው። ከዚያ ሳቁ ቆመና ዓይኗ እንባ ሞላ። እጁን ያዘችው።

"ያኔ ለሰው ሁሉ ነገርን፣ ሄደብን። አሁን ለማንም አልነገርንም፣ ይኸው እኔ በረሃብ ልሞት ነው። መናገራችን አልነበረም ሚኪ። የሄደብን ስለተናገርን አልነበረም። ሂድ ንገራቸው።"

ሚኪያስ ይህን ነገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በውስጡ ፈርቶት ነበር። በሰው ዓይን ማሳበብ ይቀል ነበር፤ ሰው ቢያንስ የሚጠረጥረው ያገኛል። ሚስቱ እጅ ላይ ጎንበስ ብሎ ሳማትና ተነሳ። መግቢያው ጋ ደረሰ፣ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ ጋሽ ቦጋለ መዳፍ ላይ አስቀመጠው።

"ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ምግብ አልረጋላትም፣ ሳፋው ለዚያ ነው። ዛሬ ጨጨብሳ አማራት።"

ጋሽ ቦጋለ ቁልፉን አዩት፣ እሱን አዩት፣ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። "ይሄን በሆድህ ይዘህ ነው ልጄ፣ ስትንከራተት የነበረው?" አሉት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም፤ በቅደም ተከተል አልሆነምና። አስተናጋጇ የያዘችውን መጥረጊያ ጨርቅ እዚያው ጥላ ወደ ወጥ ቤት በረረች። ጋሽ ቦጋለ መኪናውን ረስተው ደረጃውን ወጡ። ሶስና ሰምታ ሳትጨርስ ገመዱን ከአንገቷ አውልቃ የኋላውን በር ልትከፍት ወረደች፤ እየሮጠች በፊት ለፊቱ መስኮት ለከድር ነገረችው። ከድር፣ ያ በኋላ በር፣ በሰው ዓይን ፊት ካልሆነ አላወርድም ያለው ሰውዬ፣ በረዶውን በጆንያ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለና በፊት ለፊት በር ገባ፤ ወለሉ ረጠበ፣ ማንም ምንም አላለው። ሱራፌል በረዶው መምጣቱን እንኳ አላየም፤ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ የማሩን ዕቃ እንዳለ ታቅፎ ወደ ወጥ ቤቱ እየሄደ ነበር። እትዬ አስካለ ደግሞ ማሩን በዓይናቸው ሳያዩ ሽርጣቸውን መልሰው ታጥቀው፣ ዱቄቱን በውሃ በጥብጠው፣ መጥበሻውን ጥደዋል።

ቁልፉ ሳይዞር፣ መኪናው ሳይነሳ፣ በሩ ተከፈተ፤ በሩ በወጉ ሳይከፈት በረዶው ወረደ፤ በረዶው ሳይወርድ ማሩ ወጣ፤ ማሩ ሳይወጣ ቂጣው ተጋገረ። ያ ሁሉ "ካልሆነ አይሆንም" የት እንደገባ እኔንም ጠይቁኝ።

ልማድ ክፉ ነው፤ እትዬ አስካለ ማሩን ከሱራፌል እጅ ሲቀበሉ በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው አዩት። ሱራፌልም ሲቀምሱ አያቸው። ከዚያ እትዬ አስካለ ቂጣውን በእጃቸው ቆራረሱት፣ በዘይት አሹት፣ ሱራፌል ማሩን አዘነበለ። ትንሽ ነው ሲሉት ጨመረ፤ ይበቃል ሲሉት እንደገና ጨመረ።

ሳህኑ ራኬብ ፊት ቀረበ። ሁሉም ከኋላው ተከትለው መጡ፤ አስተናጋጇ፣ ሱራፌል፣ ትከሻው የረጠበው ከድር፣ ሶስና፣ መኪናውን አንስተው ፊቱን ወደ መንገድ አዙረው ደጃፉ ላይ ያቆሙት ጋሽ ቦጋለ። ሚኪያስ ይህን ሁሉ ዓይን ነበር ሲሸሽ የኖረው፤ ይኸው ባንድ ጊዜ በሚስቱ ላይ ተሰብስቦ መጣ።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው። "ዙሩ። ሁላችሁም ዙሩ። ሴትዮዋ ትብላበት" አሉ።

ሁሉም ዞሩ። እትዬ አስካለም ዞሩ። አንዱ ወደ ግድግዳው፣ አንዱ ወደ መስኮቱ፣ አንዱ ወደ መብራቱ ፊቱን አደረገ። ሚኪያስ ቀና ሲል የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው። ዓይናቸውን ፈርቶ የደበቃቸው ሰዎች ዓይናቸውን ከሚስቱ ላይ አንስተው፣ እንደ አጥር ዙሪያዋን ቆመዋል። የመጀመሪያዎቹ የማታ እንግዶች በር ላይ ደርሰው ምን እንደሆነ ሲጠይቁ ሶስና ሳትዞር በእጇ ጸጥ በሉ አለቻቸው። ሚኪያስ አለቀሰ፤ አላፈረምም።

ራኬብ አንድ ጊዜ ጎረሰች። አኘከች፣ ዋጠች፣ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ሁሉም ጀርባቸውን እንዳዞሩ ጠበቁ። ሁለተኛ ጎረሰች። ደግሞ ጠበቀች። እየቆየች፣ እያረፈች፣ በጣቶቿ ላይ የፈሰሰውን ማር እየላሰች ሳህኑን ጨረሰችው። ከድር ትንፋሹን ይዞ ፊቱ ጠቁሯል። ሱራፌል ዓይኑን ጨፍኗል። ሚኪያስ የሚስቱን ፊት ያያል፣ ሆዷን ያያል፣ እንደገና ፊቷን ያያል።

ራኬብ እጇን በሰፊው ሹራቧ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ረጋላት። ሹራቡን በሁለት እጇ ወደ ኋላ ሰበሰበችው፤ ሆዷ ከጠረጴዛው በላይ በግልጽ ታየ።

"እትዬ፣" አለች፣ "መዞር ትችላላችሁ። ደግሞ ካላስቸገርኩ ይደገምልኝ።"

እኔ የሰማሁትን መለስኩላችሁ፤ አምናችሁኝ እንደሆን ግን እጠራጠራለሁ። ለአፌ ማበሻ ማሩ ቢቀር ቂጣውን አትንፈጉኝ።